የተማሪን ሥራ የሚጠቀምበት ሰው ይፈትነው

ሂውስተን፣ በናሳ የጆንሰን የጠፈር ማዕከል አንድ ግዙፍ ገንዳ አለ። ርዝመቱ 62 ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ 12 ሜትር ነው። ጠፈርተኞች ከመንኮራኩር ውጪ የሚሠሩትን ሥራ የሚለማመዱት እዚያ ነው። ማይክሮ-ጂ ኔክስት በሚባለው ፕሮግራም ደግሞ የኮሌጅ ተማሪዎች ለጨረቃ ጉዞ ያገለግላል ብለው የሠሩት መሣሪያ እዚያው ውሃ ውስጥ ይፈተናል።

እኔን የማረከኝ የፈተናው አካሄድ ነው። ተማሪዎቹ ወራት የለፉበትን መሣሪያ በዚያ ሰዓት አይነኩትም። ይዞት የሚወርደው ጠላቂ ዋናተኛ ነው። እነሱ ከመቆጣጠሪያ ክፍል ሆነው በስክሪን እያዩ በድምፅ ብቻ ይመሩታል። መያዣው አልመች ካለ እጁን ሰዶ የሚያስተካክል የለም። መምህር ፊት ቆሞ በጥሩ ንግግር ማለፍም አይቻልም።

ይህ ጥንቃቄ እንዲሁ የመጣ አይደለም። የጠፈር ልብስ በውስጡ ግፊት ስላለው ጣት ማጠፍ ራሱ ጉልበት ይጨርሳል። ትንሽ ብሎን ማዞር ከባድ ነው። ስለታም ጠርዝ ደግሞ ጓንት ይቀድዳል።

በታኅሣሥ 1972 (እ.ኤ.አ.) በአፖሎ 17 የጨረቃ ጉዞ የሆነውን እንይ። የጠፈርተኛው የጂን ሰርናን መዶሻ የጨረቃዋን መኪና የኋላ ፓራፋንጎ ነክቶ ሰበረው። ስብርባሪውን በፕላስተር መልሰው ለጠፉት። አቧራው ግን ፕላስተሩን በደንብ አላስይዝ አለ፣ ጥገናውም ወለቀ። ከዚያ በኋላ የሚሄዱበት መንገድ ሁሉ አቧራ ያዘንብባቸው ጀመር። በማግስቱ ካርታዎችን አጣብቀው በመቆንጠጫ አሰሩና ጉዟቸውን ቀጠሉ። የጨረቃ አቧራ ስል ነው፣ ከነካው ነገር ሁሉ ላይ ይጣበቃል። እዚያ ስፔር ፓርት የሚሸጥ ሱቅ የለም።

ሉናቦቲክስ የሚባለው የናሳ ውድድርም ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተማሪዎችን ከዚሁ ችግር ጋር ያፋጥጣል። ሮቦታቸው የጨረቃን አፈር የሚመስል ደቃቅ አፈር ይቆፍራል። የስበት ኃይሉ የምድር አንድ ስድስተኛ በሆነበት ቦታ ቀላል ሮቦት ሲቆፍር መሬቱን ቆንጥጦ መያዝ ያቅተዋል፣ ራሱ ወደ ላይ ይነሳል። ከባድ ይሁን እንዳይባል እያንዳንዱን ኪሎ ወደ ጨረቃ ማድረስ እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ በውድድሩ የሮቦቱ ክብደትም ነጥብ ያስቀንሳል። ተማሪው በዚህ መሃል መንገድ መፈለግ አለበት። ኢንጂነሪንግ ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

አሜሪካ ኮሌጅ የገቡ ልጆች ያሏችሁ ወገኖች፣ ልጆቻችሁ ስለነዚህ ዕድሎች እንዲጠይቁ ንገሯቸው። የሮኬት ሊቅ መሆን አይጠበቅባቸውም። ብየዳ የሚችል፣ ኮድ የሚጽፍ፣ ሪፖርት በሥርዓት የሚያዘጋጅ ልጅ ሁሉ ቡድኑ ውስጥ ቦታ አለው።

አገር ቤት ግን ጨረቃን መጠበቅ የለብንም። ብዙ የመመረቂያ ፕሮጀክት በፓወርፖይንት ቀርቦ፣ ተጨብጭቦለት፣ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ይህ የልጆቹን ድካም ማባከን ነው። ከነጥቡ ሩብ ያህሉ በተጠቃሚው እጅ ለሚደረግ ሙከራ ይያዝ። የጤፍ መውቂያ የሠራ ተማሪ ማሽኑን ለገበሬው አስረክቦ ዳር ይቁም። ገበሬው ሲያስነሳው፣ ሲያቆመው፣ ሲያጸዳው ይይ። የተቸገረበትን ነገር መዝግቦ ይመለስና ከመመረቁ በፊት ያስተካክለው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለዚህ የሚሆን ጊዜና የመኪና ነዳጅ ይመድቡ።