አባ ፊሽካ

አጎቴ ሙስታንግ የሚባል የአሜሪካ መኪና አለው። ባህር ዳር፣ ሽምብጥ። ይህን ስናገር የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ግድ የለም፣ ዛሬ የማወራው ስለ ቤንዚን ክዳኗ ነው።

መኪናዋ እንደ ፈረንጆቹ የ1967 ሥሪት ናት። ባለ 8 ሲሊንደር፣ ሞተሯ 4.7 ሊትር። ሻጩ "አስመራ ቃኘው ጣቢያ የነበረ አሜሪካዊ ወታደር ነው ያመጣት" ብሎ ሸጠለት። እውነት ይሁን አይሁን አንጠይቅም። የአሮጌ መኪና ታሪክና የሰው የዘር ሐረግ ሲቆጠር ዝም ብሎ መስማት ነው ደንቡ።

ፊቷ ላይ የሚጋልብ ፈረስ ስላለ ሰፈሩ "ፈረሷ" ይላታል። ፈረስ ካለ ደግሞ የፈረስ ስም ግድ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። አጎቴ አባ ፊሽካ።

ፊሽካው ከሳልቫትዮዋ፣ ከቤንዚን መያዣዋ፣ የመጣ ነው። የዚህች መኪና ቤንዚን መቅጃ ከኋላ፣ በሁለቱ መብራቶች መሀል ነው። አጎቴ ማደያ ደርሶ ክዳኑን ሲያዞር "እስስስስስ..." ትላለች። አጭር እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ ከፊታችን የተሰለፈ ባለ ባጃጅ ጎማው የተነፈሰ መስሎት ወርዶ ሦስቱንም እየዞረ በእግሩ መታ መታ አደረገ። እኛ ቀድተን ስንሄድም ገና እየፈተሸ ነበር።

መጀመሪያ ላይ አጎቴ ይኮራባት ነበር። "ጉልበቷ እኮ ነው" ይላል። ቆይቶ ግን ነገሩ ከጉልበት አለፈ። ውስጧ ቤንዚን ቤንዚን መሽተት ጀመረ። ሞተሯ ሞቆ ካቆሟት አልነሳም ትላለች። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ከሐይቁ ዳር ቀረሶ ዓሣ ገዝተን፣ ከነሳፋው ከኋላ ጭነን፣ ምሳ እስክንበላ ፀሐይ ላይ አቆምናት። ስንመለስ ሳፋው ተንጋዷል። ለካ የዚያ ዘመን ሙስታንግ የሳልቫትዮዋ ጣሪያ ራሱ የዕቃ መጫኛዋ ወለል ነው። ላሜራው ኩፍ እንዳለ ሊጥ ተነስቷል። አጎቴ ሄዶ ክዳኑን ፈታ፤ "እስስስ..." ካለች በኋላ ላሜራው "ጧ!" ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሞቶ የከረመ ቀረሶ ከሳፋው ሲነጥር በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ። በኛ ሰፈር መኪና ከቆመ ሁሉም መካኒክ ነው። ኮፈኑ ገና ሳይከፈት አምስት ሰው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል።

"ፓምፑ ነው።"

"የምን ፓምፕ! የጭስ ማውጫው ማርሚታ ተጠግቶባት ነው። ከታች እየቀቀላት እኮ ነው።"

"ቤንዚኑ ተበርዟል።"

"ዓይን ነው። እንዲህ ያለች መኪና ይዞ በዘንባባው መንገድ በቀን አራት ጊዜ መመላለስ ምን የሚሉት ነው?"

መጨረሻ ላይ የፖሊ ቴክኒክ ተማሪ መጣ። ይህ ልጅ የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር፤ ለዚህም ይመስለኛል ማንም ያልሰማው። ቤንዚን ሲሞቅ ያብጣል አለ። 60 ሊትር ቤንዚን በ20 ዲግሪ ቢሞቅ ብቻውን ከ1 ሊትር በላይ ይጨምራል። በዚያ ላይ ይተናል፤ ትነቱ መውጫ ካጣ ላሜራውን ይገፋል። ባህር ዳር ደግሞ ከባህር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቤንዚን ቶሎ ይተናል።

"ጎሽ" አለው አንዱ። "ታዲያ እዚህ ያለው መኪና ሁሉ የሚነዳው ባህር ዳር አይደል? ለምን እሷ ብቻ ታፏጫለች?"

ልጁ ዝም አለ። ተሸነፈ ተባለና ሰዉ ተበተነ።

የአጎቴ ሚስት፣ እትዬ፣ ቡና እየቀዳች ነበር። "ጋን ናት" አለች ቀና ሳትል። "ጠላ ጠንስሰህ የጋኑን አፍ መተንፈሻ ሳትተው ብትደፍነው ምን ይሆናል?" ጥያቄዋን የመለሰላት የለም። ቶናውን እንድታቀርብ ተነገራት።

መካኒኩም ቢሆን መጀመሪያ የጠየቀው ይህንኑ ነው። "ጋሼ፣ ክዳኑ የራሷ ነው?"

"የራሷ ነው!" አለ አጎቴ። ጥያቄው ሳያልቅ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አጎቴ የደበቀው ግን በሽታውን አልነበረም፤ ጥርጣሬውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ቤንዚን ጠፍቷል። ሰልፉ ማደያው ጋ ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ አለ፤ ዋጋው ሻጩ ፊትህን አይቶ የሚቆርጠው ነው። በዚህ መሀል አጎቴ አንድ ነገር ያስተውላል። ማታ ጌጁ ግማሽ ላይ የነበረ፣ ጠዋት ከግማሽ ወርዶ ያድራል። ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤቷ ውስጥ የሚኖረው የእትዬ ወንድም ደግሞ ባጃጅ ነጂ ነው። ይህ ልጅ ሰልፍ ላይ ታይቶ አያውቅም። ባጃጁም ቆማ አታውቅም።

እንግዲህ ምን ይደረጋል? የሚስትን ወንድም ሌባ ብሎ ማታ እራት የሚቀርብለት ባል አለ? አጎቴ አሮጌ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ ሄዶ ቁልፍ ያለው ክዳን ገዛ። ቁልፏን ማተቡ ላይ አሰራት። ሲጠየቅም "አቧራ እንዳይገባባት ነው" አለ። አቧራ ቁልፍ ሰብሮ የሚገባ ይመስል።

ክዳኑ ከሌላ፣ ከሷ በኋላ ከተሠራ መኪና የተፈታ ነው። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የድሮዎቹ መኪኖች የሚተነፍሱት በክዳናቸው ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1970 ካሊፎርኒያ፣ በ1971 ደግሞ መላው አሜሪካ፣ የአዳዲስ መኪኖች የቤንዚን ትነት እንዲሁ አየር ላይ እንዳይለቀቅ አዘዘ። ስለዚህ ክዳኑ ተደፈነ፤ ትነቱ በቱቦ ሄዶ ከሰል የሞላበት ቆርቆሮ ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። አዎ፣ ከሰል። ከሰሉ ትነቱን ይዞ ያቆያል፤ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ መልሶ ይስበዋል። የ1967ቷ ፈረስ ግን ከሰል የሚባል ነገር አታውቅም። አጎቴ ሌባ እከለክላለሁ ብሎ አፍንጫዋን ደፈነ። ፀሐይ ላይ ስትቆም ትነቱ መውጫ ሲያጣ ቤንዚኑን በፓምፑ በኩል ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡሬተር ይገፋዋል፤ ካርቡሬተሩ ይሞላና ሞተሩን ያጥለቀልቀዋል። አልነሳም ያለችው ለዚህ ነው።

ይህች መኪና ከአዲስ አበባ ስትመጣ እኮ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል የአባይን በረሃ ወርዳ፣ ያንን ሙቀት ጠጥታ፣ ደጀን ስትወጣ ትንፍሽ አላለችም። ያኔ የራሷ ክዳን ነበራት።

እኔ ይህን አውቅ ነበር። ክዳኑ ሲገዛ አብሬው ነበርኩ። ለምን ዝም አልክ ብትሉኝ፣ አጎቴ ነዋ።

ጥር ላይ ለሠርግ ተከራየች። ሙሽሮቹን ይዘን በዛዊት ኮረብታ ወጣን፤ ከታች አባይ፣ ከኋላ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት፣ ፎቶ አንሺው ደግሞ አይጠግብም። ግማሽ ሰዓት ከፀሐይ ጋር ተፋጠጥን። "በቃ እንውረድ" ሲባል ፈረሷ እምቢ አለች። የሙሽራዋን ሽቶ ቤንዚኑ ውጦታል። ሚዜዎቹ ሙሉ ልብስ ለብሰው ቁልቁል ሲገፉ አንዱ ሱሪው ተተረተረ። ሙሽራና ሙሽሪት አዳራሽ የገቡት ታዲያ በምን መሰላችሁ? በእትዬ ወንድም ባጃጅ። የሞላ ታንከር አቁሞ የሚጠብቅ ይመስል ወዲያው ነው የደረሰው።

ከዚያ ወዲያ አጎቴ ገንዘቡን ማፍሰስ ጀመረ። ፓምፕ ተቀየረ። የካርቡሬተሩ መርፌ ተቀየረ። በማርሚታውና በሳልቫትዮው መሀል ሙቀት መከለያ ላሜራ ተበየደ፤ ለብየዳው ሳልቫትዮው ወርዶ ስለነበር የእጁም ዋጋ ለብቻ ነው። ጸበልም ተረጨች፤ እትዬ ናት ያስረጨቻት፣ "ይህስ ምን ይጎዳል" ብላ።

በመጨረሻ እሁድ ቀትር ላይ ጋራዡ በር ተሰበሰብን። መኪናዋ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ናት። በሩ ሥር ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። መካኒኩ "እሳቱን አርቂው፣ አርቂው አልኩሽ!" አላት፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። ምድጃዋን አቅፋ መንገዱን ተሻገረች። አጎቴ ማተቡን ከሸሚዙ አውጥቶ ጎንበስ አለ፤ ክሩ አጭር ስለሆነ ጉንጩ መብራቱን ሊነካ ደረሰ። ቀስ ብሎ ሩብ ዙር አዞረ።

"እስስስስስ..."

ሁሉም አንገቱን ደፋ። ያኔ የእትዬ ወንድም፣ ልቡ አዝኖ መሰለኝ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ ተናገረ።

"ጋሼ፣ የድሮው ክዳን እኮ ከውስጥ በኩል፣ ከጎሚኒው አጠገብ፣ ትንሽ ቀዳዳ ነበረችው።"

ጸጥ አለ። መካኒኩ አጎቴን አየው። "የራሷ ነው አላሉኝም?" አጎቴ የሚስቱን ወንድም አየው። የክዳኑን ውስጥ የት አየኸው ሊለው አፉን ከፈተ። ግን ያንን ከጠየቀ አንተስ ለምን ቆለፍክ ይመጣል። አፉን ዘጋ። ልጁ ጫማውን ያያል።

"አቧራ ሲጠርግልህ አይቶት ይሆናላ" አለች እትዬ።

የድሮው ክዳን ከአጎቴ አልጋ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተገኘ። ከዚያን ቀን ወዲህ ፈረሷ አታፏጭም፣ አታብጥም፣ ሞቃም ትነሳለች። ስሙ ግን ቀርቷል፤ አባ ፊሽካ ነው። ቁልፏም እስካሁን ማተቡ ላይ አለች፤ የምትከፍተው ነገር የለም።

ጠዋት ጠዋት አጎቴ ቁልፍ አስገብቶ ጌጁን ያያል። ትንሽ ይቆያል። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ሰርቪስ ቤቷ ይጣራል።

"አንተ ልጅ፣ ባጃጅህ እንዴት አደረች?"

"እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ። ጠግባ አደረች።"