ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ወጣት ማን ቆጠረው?

ተማሪዎቹ ለአራት ሳምንት ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈራቸው በር እያንኳኩ ነዋሪ ሲያነጋግሩ ቆዩ። የሚሠሩት ፖድካስት ስለ ወጣቶችና አቅምን ስላገናዘበ ቤት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሊለቀቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ትምህርት ቤታቸው አገደው። «ነዋሪ የሚያወራው ስሜት ነው፣ መረጃ አይደለም፤ ባለሙያ አነጋግራችሁ እንደገና ሥሩት» ተባሉ።

በድምፅ ቀረጻው የረዳኋቸው እኔ ነኝ። ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ሰምቻለሁ። ዝም ማለት አልችልም።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ከእገዳው ጋር የመጣው ንግግር ነው። «ወጣቶቹ እኮ አብዛኞቹ ከወላጆቻቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ኪራይ አይከፍሉም። ታዲያ የቤት ችግራቸው ምኑ ላይ ነው?» ይህን ያለው ትልቅ ሰው ነው፣ ያውም አስተማሪ። ዋናው ችግር እኮ ይኸው ነው! ሥራ ያለው ጎልማሳ ከእናቱ ቤት መውጣት አቃተው ማለት ምን ማለት ይመስላችኋል?

የቤት ዋጋ ከአቅም በላይ መሆኑ እንዴት እንደሚለካ እንይ። የተለመደው መለኪያ ከገቢ 30 በመቶ ነው። ለቤት ከዚያ በላይ የሚያወጣ ሰው ተቸግሯል ይባላል። ቁጥሩ ራሱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1969 በመንግሥት ቤቶች የሚኖሩ ተከራዮች ከገቢያቸው 25 በመቶ በላይ እንዳይከፍሉ በሕግ ገደበች። በ1981 ጣሪያው ወደ 30 ከፍ ተደረገ። የተከራዩ ኪስ ስለሰፋ አልነበረም፤ የተለወጠው ሕጉ ነው።

አሁን 28 ዓመት የሞላውን ከእናቱ ጋር የሚኖር ልጅ በዚህ መለኪያ ለኩት። ኪራዩ ዜሮ ነው። በወረቀት ላይ ከሁሉም የተመቸው እሱ ነው! ቆጠራ ሲመጣም ከእናቱ ጋር አንድ ቤተሰብ ተብሎ ይመዘገባል። ሊመሠረት ሲገባው ሳይመሠረት የቀረው ጎጆ በዚያ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም። ከውጭ ሲያዩት በሩ አንድ ነው፣ ውስጡን ለቄስ። ባለሙያው ከዚያ ቆጠራ የወጣውን ሰንጠረዥ ይዞ ማይክ ፊት ቢቀመጥ ምን ሊነግረን ነው? እሱም የሚያውቀው የተቆጠረውን ብቻ ነው። ያልተቆጠረውን የሚያውቀው በሩን ያንኳኳ ሰው ነው።

ተማሪዎቹ አንኳኩ። ከቅጂዎቹ አንዱ ላይ አንዲት እናት በሹክሹክታ ያወራሉ። ጠያቂዋ ተማሪ «እማማ፣ ትንሽ ጮክ ይበሉልን» ስትላቸው «ቀስ በይ ልጄ፣ ይሰማል፤ ሌሊት ሠርቶ ገና አሁን ነው የተኛው» ይሏታል። ሳሎኑ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። ልጃቸው ሦስት ዓመት ሙሉ ሰርጉን እያስተላለፈ ነው፤ ቤት ሳገኝ ይላል። ይህን እየተናገሩ ሳለ የመጋረጃው ቀለበት ብረቱ ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። ከዚያ የእንቅልፍ ድምፅ ያልለቀቀው ጎልማሳ፣ «ንገሪያቸው እማ፣ ምንም አልደብቅም» ይላል። ይህ ስሜት ብቻ ነው? ዕድሜ አለው፣ ሥራ አለው፣ ሦስት ዓመት አለው፣ የቤቱ ስፋት አለው። ከዚህ በላይ ምን መረጃ ይምጣ?

ሰፈሩን ለቀው የሄዱትም አሉ። እነሱን ማን ያነጋግራል? የት እንደገቡና ለምን እንደወጡ የሚያውቀው ጎረቤት ነው።

በር ለበር መጠየቅ የልጆች ጨዋታ የሚመስለው ካለ ደግሞ ታሪክ ያንብብ። እ.ኤ.አ. በ1893 አሜሪካዊቷ የሠራተኞች መብት ታጋይ ፍሎረንስ ኬሊ የምትመራው ቡድን ቺካጎ ውስጥ ከቤት ቤት እየዞረ የነዋሪውን ገቢና የትውልድ አገር ጠየቀ። መልሱ በ1895 በካርታ ታትሞ ወጣ። ዛሬም የማኅበራዊ ጥናት ሰዎች የሚጠቅሱት ሥራ ነው።

ልጆቹ አልተሳሳቱም አልልም። በመጀመሪያው ቀን «ኪራይ አማሯችኋል አይደል?» እያሉ መልሱን በሰው አፍ ያስገቡ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጥያቄው ተቀየረ፤ «ባለፈው ወር ስንት ከፈሉ? ከከፈሉ በኋላ ምን ቀረዎት?» የአከራያቸውን ቁጣ የሚፈሩ ተከራዮች ሲገጥሟቸውም ስማቸውን ከቅጂው አጠፉ፣ ድምፃቸውን ለወጡ። ይህን ጥንቃቄ ያስተማራቸው የለም። ሰው ፊት ቁጭ ብለው ነው የተማሩት። የታገደባቸውም ይኸው ትምህርት ነው።

ከመቅረጻቸው በፊት ለእያንዳንዱ ሰው ቃል ገብተው ነበር፤ ሳይሰሙት አይለቀቅም ብለው። እኚያ እናት ሁለት ጊዜ ጠይቀዋል። ልጆቹ የሚመልሱት ጠፍቷቸው በሌላ መንገድ ዞረው ወደ ቤታቸው መሄድ ጀምረዋል።

ክፍሉ ሳይቆራረጥ ይለቀቅ። ባለሙያ የግድ ከተባለ በሁለተኛው ክፍል ይጋበዝ። ግን መጀመሪያ ያንን ቅጂ እስከ መጨረሻው ይስማና፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ልጅ በየትኛው ሰንጠረዥ ላይ እንዳለ ለተማሪዎቹ ያሳያቸው።