ማስተካከያ፦ ስለ ላስ ቬጋሱ የሣር ሕግ

ባለፈው «በላስ ቬጋስ እስከ 2026 መጨረሻ ሁሉም ሰው የግቢውን ሣር መንቀል አለበት» ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። በ2021 (በፈረንጆች) የወጣውን፣ ላስ ቬጋስ ያለችበትን የአሜሪካ ግዛት የኔቫዳን ሕግ ራሱን አነበብኩት። ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ የሚከለከለው የኮሎራዶ ወንዝን ውሃ ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሣር ማጠጣት ነው፤ በሱቆች፣ በአፓርታማዎች፣ በመንገድ ዳር ያለውን ማለት ነው። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ግቢ አይነካም።

ሕግ አውጪዎቹ ሣሩ ላይ ያተኮሩት ወደው አይደለም። ከቤት ውስጥ በፍሳሽ ቧንቧ የሚወጣው ውሃ ተጣርቶ ከተማዋ የኮሎራዶን ውሃ ወደምትቀዳበት ወደ ሚድ ሐይቅ ይመለሳል፤ ውጭ የፈሰሰው ግን በዚያ ፀሐይ ተንኖ ይቀራል።

እኔን አምናችሁ ሣር ልትነቅሉ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ ቆዩ። ግዴታ የለባችሁም። በፈቃዳችሁ ከሆነ ደግሞ የውሃ ባለሥልጣኑ ድጎማ ስለሚሰጥ፣ ከመንቀላችሁ በፊት አመልክቱ፤ ቀድሞ የነቀለ ገንዘቡ ያመልጠዋል።