«አይዟችሁ ብሎኛል» አትበሉኝ!

ኧረ በቃኝ! ትናንት ማታ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እማዬ ደረቷን ይዛ ታቃስታለች፣ ታናሽ ወንድሜ ስልኩ ላይ ቻትቦት ይጠይቃል። «ጋዝ ነው፣ አይዟችሁ ብሎኛል» ይለኛል። ማነው ያለህ? ትንፋሿን ሰምቷል? እጇን ይዟል? ቀጣዩን ቃል እየገመተ የሚደረድር ፕሮግራም እኮ ነው! «እሱ ግን ይረዳኛል» አይለኝም መሰላችሁ?! በምኑ ነው የሚረዳህ? በ1966 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ሊቁ ዌይዘንባውም አሜሪካ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ይፋ ያደረጋት ኤላይዛ የምትባል የድሮ ቻትቦት የሰውን ንግግር ገልብጣ መልሳ ከመጠየቅ ብዙም አታልፍም ነበር፣ የገዛ ጸሐፊው ግን ከሷ ጋር ለማውራት ብላ እሱን ከክፍሉ ውጣልኝ አለችው፣ ሰውዬው ደንግጦ ሲያስጠነቅቅ ኖረ፣ ይኸው እኛ ዛሬም እዛው ነን! እማዬን በስንት ልመና በባጃጅ ነው ያደረስናት። ዶክተሩ «ለምን ዘገያችሁ?» አለኝ። ምን ልበለው?