«ተሳትፈዋል» ብለህ ጻፍ

ዛሬ ለማመስገን ነው ብዕሬን ያነሳሁት። ተፈጥሮን ለመጠበቅ ደፋ ቀና የሚሉ ወገኖቻችን ከቃላት ሁሉ አስበልጠው የሚወዱት አንድ ቃል አለ። «አሳታፊ»። ፕሮጀክቱ አሳታፊ ነው። ዕቅዱ አሳታፊ ነው። አጥሩ ራሱ አሳታፊ ነው፤ ጉድጓዱን የቆፈረው የአካባቢው ሰው ነዋ።

ሰዋስው የሚወድ ሰው የቃሉ ውበት ቶሎ ይገባዋል። «ሕዝቡ ተሳተፈ» ብሎ ነገር የለም። «ሕዝቡን አሳተፍነው» ነው። አሳታፊ አለ፣ ተሳታፊ አለ። ልክ እንደ ጫኝና ተጫኝ።

ድሮ እንዲህ ያለ ጨዋነት አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ያለው የሎውስቶን እ.ኤ.አ. በ1872 ብሔራዊ ፓርክ ሲባል፣ በዚያ ምድር ለሺህ ዓመታት ሲያድኑና ሲኖሩ የቆዩትን ሰዎች ማን አማከራቸው? ስብሰባ አልተጠራም። ሻይ አልቀረበም። አቴንዳንስ አልዞረም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዝም ብለው እንዲወጡ ተደረጉ። ዛሬ ሥልጣኔ መጥቷል። ሰውየው ከመውጣቱ በፊት ይፈርማል።

ይህን የምለው በወሬ ሰምቼ እንዳይመስላችሁ። ለዓመታት ቃለ ጉባኤ ስይዝ ኖሬያለሁ። የተዋጣልኝ ጸሐፊ ነበርኩ ብል ማጋነን አይሆንም።

አንዱን ስብሰባ ልንገራችሁ። አዳራሹ ጨለም ተደርጓል። ግድግዳው ላይ ካርታ በርቷል። አረንጓዴ የተቀባው ሁሉ ሊከለል ነው። ባለሙያው በቀይ መብራት እየጠቆመ አርባ ደቂቃ ያህል አስረዳ። መጨረሻ ላይ «እስቲ ማኅበረሰቡ ሐሳብ ይስጥ» ተባለ። ለሐሳቡ አሥር ደቂቃ ተመድቧል። ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው።

አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ እዚያ ጥጉ ጋ ያለችው አረንጓዴ፣ ከብቶቻችን ወደ ምንጩ የሚወርዱባት መንገድ ናት። ከዘጋችኋት በየት ይውረዱ? ደግሞ ከሥሯ ያለው ረባዳ ክረምት ክረምት ውሃ ይተኛበታል። እዚያ የተከላችሁት ችግኝ ይበሰብሳል።»

አወያዩ ፈገግ አለ። «በጣም ጥሩ አስተያየት ነው፣ አባባ። እናመሰግናለን። ሌላ?»

እኔ ምን ጻፍኩ? «የማኅበረሰቡ ተወካዮች ለፕሮጀክቱ ያላቸውን ሙሉ ድጋፍ የገለጹ ሲሆን፣ ጠቃሚ አስተያየቶችም ተሰጥተዋል።» እንዴት ያለ ዓረፍተ ነገር ነው! ከብት የለበት፣ ምንጭ የለበት፣ ረባዳ የለበት። እውነቱን ልናገርና፣ የጻፍኩት ስብሰባው ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። ጊዜ ቆጣቢ ነኝ።

ዓለም አቀፍ ሰነዶችንም እናከብራለን። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ነባር ሕዝቦች መብት ባወጣው መግለጫ፣ መሬታቸውን የሚነካ ነገር ሲመጣ «ነጻ፣ ቅድሚያ የተገኘና በመረጃ ላይ የተመሠረተ ፈቃድ» ይላል። እኛ ደግሞ ቃል በቃል ተግባራዊ አድርገነዋል። «ነጻ» የሚለውን፣ ጉድጓዱን በነጻ ይቆፍሩ ብለን ተረዳነው። «ቅድሚያ» ስንል ከምርቃቱ በፊት ማለታችን ነው። መረጃውም ደርሷቸዋል፤ ስብሰባው በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ተነግሯቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ሞንትሪያል ላይም አገሮች ተሰብስበው፣ እስከ 2030 ድረስ ከምድሪቱ የብስና ባሕር 30 በመቶው ይጠበቅ ብለው ተስማሙ። እዚያው ላይ የነባርና የአካባቢ ሕዝቦች መብት ይከበር የሚልም አለ። ታዲያ ከሁለቱ የትኛውን ነው ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው? 30 ቁጥር ናት፤ ለሪፖርት ትመቻለች። መብት ግን በሠንጠረዥ ውስጥ አልገባ ብሎ ያስቸግራል።

ስለ ተሳትፎ ደረጃ ከተነሳ፣ ሼሪ አርንስታይን የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1969 ስምንት እርከን ያለው መሰላል ሠርታ አስቀምጣለች። ከታች ያለው ሰውን ማታለል ነው። ከላይ ያለው ሕዝቡ ራሱ ሲወስን ነው። ማማከር አራተኛው ላይ ነው። አራተኛ መድረስ እኮ ቀላል አይደለም! ሴትዮዋ ግን እሱንም የይስሙላ ተሳትፎ ከምትለው ክፍል ውስጥ ነው የከተተችው። ሻዩን አላየችማ።

ወደ ተከላው ቀን እንሂድ። የተሳትፎ በዓል ማለት ይህ ነው። ኮፍያ ታደለ። እንግዶቹ አዲስ ቦቲ አጥልቀዋል። ጉድጓዱ ከትናንት ጀምሮ ተቆፍሮ፣ አፈሩ ተለሳልሶ፣ አካፋው ለእጅ እንዲመች ተሰክቶ ይጠብቃል። የክብር እንግዳው ጎንበስ ብለው ችግኟን አስገቡ። ጎናቸው የቆመ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ፕላስቲኩን ያውልቁት፤ ሥሩ ይታፈናል» አላቸው። ካሜራማኑ ተቆጣ፤ «ቆይ አንተ፣ ከፍሬም ውጣ!» ወጣቱ ወጣ። ችግኟ ከነፕላስቲኳ ተቀበረች። ፎቶው ግን ምን አለፋችሁ፣ ያማረ ነው። ከሥሩም «ከማኅበረሰቡ ጋር» የሚል ተጽፎበታል። ማኅበረሰቡ በስተግራ በኩል ክንዱ ይታያል።

የተተከለው ተቆጠረ። የጸደቀውን ለመቁጠር በጀት አልተያዘም።

አንዳንዶች ግን ነገሩን ከልክ በላይ አክርረውት አርፈዋል። ኒጀር ውስጥ የሆነውን ብትሰሙ ታዝናላችሁ። ዛፍ የመንግሥት ነው ሲባል፣ ገበሬው እርሻው ላይ የበቀለውን ሁሉ ሳያድግ ይነቅለው ነበር። ለሌላ ሰው ዛፍ ማን ዘበኛ ይሆናል? እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ቁጥጥሩ ሲላላና ገበሬው ዛፉ የእኔ ነው ብሎ ማመን ሲጀምር፣ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውን መርጦ እየገረዘ ማሳደግ ያዘ። ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት በዛፍ ተሸፈነ። ሪባን አልተቆረጠም። ኮፍያ አልታደለም። ጎንበስ ብለው ፎቶ የሚነሱበት ችግኝ እንኳ የለም፤ ጉቶ ነው። ከጉቶ ጋር ማን ፎቶ ይነሳል?

ኔፓሎችም አልተሻሉም። እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ሕግ ደኑን ለተጠቃሚ ማኅበራት አስረከቡ። ዛሬ ማኅበራቱ ከ22 ሺህ በላይ ናቸው። ሣሩ መቼ ይታጨድ፣ ማን ይጠብቅ፣ ገቢው ምን ላይ ይዋል፣ ራሳቸው ይወስናሉ። የአገሪቱ የደን ሽፋን እ.ኤ.አ. በ1992 ከነበረበት 26 በመቶ በ2016 ወደ 45 በመቶ ወጣ። እሺ፣ አወያይ ምን በልቶ ይደር?

እዚሁ መንዝ ጓሳ ላይም ለዘመናት እንዲሁ ነበር። ነዋሪዎቹ የጓሳውን ሣር አንዳንዴ ለዓመታት ዘግተው፣ በራሳቸው ሰው አስጠብቀው፣ ሲስማሙ ይከፍቱት ነበር። ያለ ሎጎ! የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጥቶ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ያኔም ማንም አላማከራቸውም፤ ለነገሩ ቃለ ጉባኤ የሚይዝላቸውም አልነበረም።

ኤሊኖር ኦስትሮምም አለች። ዕድሜዋን ሙሉ የጋራ ግጦሽ፣ የመስኖ ውሃና ዓሣ ማስገሪያ ስታጠና ኖራ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመች። ለረጅም ዘመን ከቆዩት የጋራ ሀብቶች ያየችው ነገር ግራ ያጋባል። ደንቡ የሚመለከታቸው ሰዎች ደንቡን መለወጥ ይችላሉ። ጠባቂው ተጠሪነቱ ለተጠቃሚዎቹ ነው። ስለ ኮፍያ ምንም የለውም።

የእኛ አጥር ግን ታጠረ። በወሩ ቀዳዳ ተገኘበት፤ ልክ በላም ቁመት። ወደ ምንጩ በሚወርደው መንገድ ላይ። ረባዳው ላይ የተተከሉትም ክረምቱ ሳያልቅ በሰበሱ። አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ ችግሩ ተለየ፤ የማኅበረሰቡ የግንዛቤ እጥረት ነው። መፍትሔው የሁለት ቀን የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና። ሽማግሌው የዚያን አካባቢ ዛፍ አንድ በአንድ በስም ያውቃሉ፤ የቱ ጥላው ሰብል እንደሚጎዳ፣ የቱን ምስጥ እንደማይነካው ይነግሯችኋል። ግንዛቤ ብቻ ነው የጎደላቸው። አሠልጣኙ በማግሥቱ ጠዋት ደረሰ፤ ቦታውን በካርታ ነው የሚያውቀው።

በሥልጠናው መጨረሻ ሽማግሌው ወደ እኔ መጡ። የመጀመሪያውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በእጄ ይዤ ነበር።

«ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ። ያን ቀን እኔ ምን አልኩ ይላል?»

«ደግፈዋል ይላል፣ አባባ። ሙሉ በሙሉ።»

«ከብቶቹስ?»

«እነሱ… አልተጠቀሱም።»

ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት። ጣታቸውን ፊርማቸው ላይ አሳረፉ።

«ይቺ የእኔ ናት» አሉ። «ሌላው የማን ነው?»