መነጽር ዓይን አያሰንፍም
እህቴ፣ «መነጽር ዓይን ያሰንፋል፣ ልጁን አታስለምዱት» ያልሽው ልክ አይደለም። እዚህ ደሴ ከፒያሳ እስከ ሸዋበር ስንቱ ወላጅ ይህን ይላል፤ የሚጎዳው ግን ልጁ ነው። ሩቅ የሚደበዝዝበት ልጅ ብዙውን ጊዜ የዓይኑ ኳስ ረዝሞ ነው፤ ብርሃኑ ሬቲናው ጋ (ዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ጋ) ሳይደርስ ይሰበሰባል። መነጽሩ ብርሃኑን ወደ ቦታው ይመልሳል፣ በቃ። የመነጽሩ ቁጥር የሚጨምረው ዓይኑ ከልጁ ጋር ስለሚያድግ ነው።

ደግሞ የሚያየው ዓይን ብቻ አይደለም፣ አንጎልም ጭምር ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለሙት ሳይንቲስቶች ሁቤልና ዊዝል የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ለተወሰነ ጊዜ ዘግተው ሲከፍቱት፣ ዓይኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አንጎላቸው ከዚያ ዓይን የሚመጣውን መልእክት መቀበል አቁሞ ነበር። በልጅም ላይ አንዱ ዓይን ለዓመታት ከደበዘዘ ተመሳሳይ ነገር ይመጣል፤ ልጁ 7 ወይም 8 ዓመት ካለፈው በኋላ ማስተካከሉ እየከበደ ይሄዳል። በናትሽ፣ ሰሌዳ ለማየት ዓይኑን የሚያጨናብስ ልጅ ካለ ዛሬ ነገ ሳትሉ አስመርምሩት።