የማሾ ዋጋ ሸዋ ሮቢት ላይ አይወሰንም

ስለ ኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ከቻይና ብዙ እንደምናስገባ፣ የምንልከው ግን ዛሬም እንደ ቡና ባሉ ጥቂት ምርቶች ላይ እንደተንጠለጠለ ይገልጻል። ልክ ነው። ቅር ያለኝ ጥራጥሬውን በአንድ መስመር ማለፉ ነው። እኛ ሰሜን ሸዋዎች የወጪ ንግድ ሲባል ቀድሞ የሚታየን ማሾ የተባለው ጥራጥሬ ነው።

በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ዙሪያ፣ ቀወትና ኤፍራታና ግድም ወረዳዎች ቆላው ላይ ማሾ ቶሎ ይደርሳል። ዝናብ ቢያጥርም ይችላል። በ2006 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ገባ። በየካቲት 2014 ደግሞ ከገዢዎቹ አንዷ ህንድ ከውጭ በምታስገባው ማሾ ላይ ገደብ ጣለች። የራሷን አምራች ብትጠብቅ አይፈረድባትም። ግን እንዲህ ያለውን ለውጥ ለአጣዬ ገበሬ ማን ይነግረዋል? የሚያውቀው ነጋዴው ዋጋ ሲሰብርበት ነው። ያኔ እህሉ ታጭዷል፣ ብድሩም ደርሷል።

በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ላኪው ለአንድ ዶላር የሚያገኘው ብር ጨመረ። ማዳበሪያውም ግን በዶላር የሚገዛ ነው። ስለዚህ የገበሬውን ትርፍ በላኪው ሒሳብ አንለካው።

ደጋው ላይ የተሻለ ነገር አለ። ደብረ ብርሃን የብቅል ፋብሪካ ስላለ የባሶና ወራና ወረዳ ገብስ ገዢው ቅርቡ ነው። ከውጭ ይገባ የነበረው ብቅልም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለማሾስ? ማበጠሪያና ማሸጊያው ሸዋ ሮቢት ላይ ቢሆን ሥራውም እዚያው ይቀራል። የገዢ አገራት ደንብ ሲቀየር ደግሞ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ዘር ሳይዘራ በፊት ለገበሬው ይንገረው። ይሄ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።